ሁለት ራሶች ለማየት ከቁስቋም እስከ አዲሱ ገበያ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ቁስቋም።

የነሐሴ ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ግቢዬ ውስጥ ተኝቷል። የወጠርኳቸው የፍየል ቆዳዎች እርጥበት ጠጥተው ረግበዋል፤ ዛሬ አይፋቁም። ልጄ የሺ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ጎትታ በሩ ላይ ቆማለች። «አባዬ፣ ጭቃው ሳይብስ ሂድ» አለችኝ።

ለማታውቁኝ የጋዜጣው አንባቢዎች፣ እኔ ብራና ፋቂ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ከፍየል ቆዳ ላይ ፀጉር ሳወልቅ ኖሬያለሁ። እኔ እፍቃለሁ፣ ሌላው ይጽፍበታል፣ ሌላው ይመሰገንበታል። የተጻፈውን ማንበብ የቻልኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ የማታ ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፤ ይኸው አራት ዓመቴ። «ፋቂ» እያለ የሚሰድበኝ ሰው ሁሉ ዳዊቱን የሚደግመው እኔ በፋቅኩት ቆዳ ላይ ነው። ይህን ተናግሬ ካልወጣልኝ መንገዱ አይገፋልኝም።

የሺ ሃያ ዓመቷ ነው። በስድስት ዓመቷ ቆረቆር ራሷ ላይ ወጣባት። ሰው መክሮን መድኃኒት ዐዋቂ ነኝ ከምትል ሴት ዘንድ ወሰድናት። ሴትዮዋ የለጠፈችባት ቅጠል ቆረቆሩንም ፀጉሩንም ቆዳውንም አብሮ በላው። ከግንባሯ እስከ መሐል አናቷ መዳፍ የሚያህል ቦታ ተልጦ ድኖ ያበራል፤ አንዲት ዘለላ አይበቅልበትም። ልጆች «በራዋ» ሲሏት ትምህርት ቤት ቀረች። እናቷ የሞተች ዕለት ዘመድ ጎረቤቱ ራሱን ገልጦ ሲያለቅስ፣ የሺ ሻሿን በሁለት እጇ ይዛ ጓዳ ገባች። እናቷን በወጉ አላለቀሰቻትም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው እንጂ መልኳ አይደለም።

ከታች ካለው ሆስፒታል አንድ የውጭ አገር ዶክተር ፀጉር ካለበት ቦታ አንሥቶ ወደሌለበት ያዛውራል ተባለ። ባለፈው ሳምንት ይዣት ሄጄ ዐያት፤ ይቻላል አለ። ግን መስቀል ሳይደርስ አገሩ ይገባል፤ የፈቃድ ወረቀቱ እስከ ነገ ካልተፈረመ ወረፋዋ ለሌላ ይሰጣል። ብራና የሚገዙኝ መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ፀጉርን የሰጠም የነሣም አምላክ ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ ፀጉሯን የነሣት አምላክ አይደለም፣ ባለቅጠሏ ናት አልኳቸው። ተቀየሙ። ይቀየሙ።

ሁለት ሰዓት። ሽሮ ሜዳ።

ቁልቁለቱ ሳሙና ሆኗል። ሁለት ጊዜ በቂጤ ተቀምጫለሁ። እንጨት የጫኑ አህዮች መንገዱን ይዘውት እኔ በቦዩ ነው የወረድኩት። ሽሮ ሜዳ ስደርስ ሸማኔዎቹ ዝናቡን ፈርተው መደብራቸውን ገና አልዘረጉም። ጋሪ ያዝኩ፤ ስሙኒ ነው። ባለጋሪው ጥቂት እንደሄድን አፍንጫውን ወደ እኔ አዞረ።

«አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፈረሴ ጅብ የተሳፈረበት መስሎታል።»

«የፍየል ቆዳ ሽታ ነው።»

«እሱስ ገባኝ፤ እርስዎ ከቆዳው መቼ ነው የሚወጡት?»

ስሙኒዬ አይሸትም አልኩት። ሳቀ። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ስለ ፈረሱ እግር አወራኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

ሦስት ሰዓት። ሆስፒታሉ።

ስሙን አልጽፍም። ጋዜጣው ላይ ጣጣ ማምጣት አልፈልግም።

አግዳሚ ወንበሩ ሞልቷል። አጠገቤ ፊቷን እሳት የበላት ሕፃን ያዘለች ሴት አለች፤ ከሱሉልታ በእግሯ ነው የመጣችው። እኛ እንደተቀመጥን አንድ ጥቁር አውቶሞቢል በሩ ላይ ቆመ። ባርኔጣ ያደረጉ ትልቅ ሰው ወረዱ። ጸሐፊው ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ ነሣ፣ በሩን ራሱ ከፈተላቸው። ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ አናታቸው እንደ እንቁላል ለስልሷል። ምን ሆነው ነው ብዬ ዘበኛውን ብጠይቀው ፀጉር ሊያስተክሉ ነው አለኝ። ቆረቆር አልበላቸው፣ እሳት አላገኛቸው። ዕድሜና ምቾት ነው የመለጣቸው። ባለሕፃኗ እስከ ስድስት ሰዓት አልተጠራችም። ይህንንም አትሙልኝ።

የእኔ ተራ ሲደርስ ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ የቀለሙን ሣጥን ገፋልኝ።

«ና፣ አሻራህን እዚህ አድርግ።»

«ምን እንደሚል ላንብበው።»

«ፈቅጃለሁ ነው የሚለው። አንተ አንብበህ እስክትጨርስ እኮ ሰዉ ምሳው ያልፈዋል።»

ወረቀቱን ከእጁ ወስጄ ወንበሬ ላይ ተመለስኩ። ሁለት ገጽ ነው። አንደኛው ገጽ ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቤት ውስጥ የሚደረገውን ይዘረዝራል። ጣቴን ከፊደሉ ሥር እየጎተትኩ አነበብኩት። ሰዓት ፈጀብኝ። ደግሜ አነበብኩት። አንድም ቃል አላስቸገረኝም፤ ተመልሼ ለጸሐፊው ይህንኑ ነገርኩት።

ከዚያ አቶ ሰይፉ የሚባሉ ፀጉራቸው የሸበተ ቁስል አጣቢ ድሬሰር ወደ ክፍላቸው አስገቡኝ። የትኛውን መንገድ መረጥክ አሉኝ። መንገዱ ሁለት መሆኑን ያን ጊዜ ሰማሁ። በካርድ ጀርባ ላይ እየሣሉ አስረዱኝ። ዶክተሩ በቋንቋው የሚላቸው ስም አለ፤ እዚያ የሚሠሩት ግን አንደኛውን ፍሬ፣ ሁለተኛውን ምላስ ይሉታል።

ፍሬ ማለት፣ አፉ ክብ በሆነ ቢላ ከማጅራት በላይ ካለው ፀጉራም ቆዳ አተር አተር የሚያህል ቁራጭ ከነሥሩ ይወጣል፤ በራው ላይ ደግሞ ያንኑ የሚያህል ቀዳዳ ተበስቶ ቁራጩ ይወተፋል። ቀላል ነው፤ በሽተኛው የዚያኑ ዕለት ቤቱ ይገባል። ግንባሩ ያብጣል፣ እብጠቱ ወርዶ ዐይኑን ይከድነዋል፣ ከሳምንት በኋላ ይጎድላል። ቅርፊቱ ሲወድቅ ፀጉሩም አብሮ ይረግፋል። ሥሩ ከያዘ በሦስት በአራት ወሩ ተመልሶ ይበቅላል። አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፤ ሦስት አራት ዙር ይመላለሳል።

ምላስ ከባድ ነው። ከጆሮ በላይ ያለው ፀጉራም ቆዳ በምላስ ቅርጽ ይሰነጠቃል፤ አይቆረጥም፤ አንድ ጫፉ እንደተያያዘ፣ ደሙን ከዚያው እየጠጣ ይቆያል። ከዐሥር ቀን በኋላ ይነሣና ዞሮ በራው ላይ ይሰፋል። ሆስፒታል መተኛት አለ። ራስ ታስሮ፣ ተቀምጦ ማንቀላፋት አለ። ጠባሳው ረጅም ነው። ነገር ግን ፀጉሩ አይረግፍም፤ ከነጎፈሬው ይመጣል።

እኔ ቆዳ ዐውቃለሁ። ፍየሏ በሕይወት ሳለች የቆሰለችበት ቦታ ብራና ሲሆን ይከዳል፤ ስትወጥረው እዚያ ላይ ይቀደዳል፣ ቀለምም አይጠጣም። ስለዚህ ፍሬው ጠባሳ ላይ ይይዛል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አቶ ሰይፉ ካርዱን አስቀመጡ። ቅድም ለገቡት ትልቅ ሰው ይይዛል አሉኝ፤ ቆዳቸው ጤነኛ ነው፣ ደም አለው። ጠባሳ ግን ደሙ ቀጭን ነው፤ አንዳንዱ ይይዛል፣ አንዳንዱ አይዝም።

«እንግዲያው የተሠራለትን ራስ አሳዩኝ።»

«ምን?»

«ፍየል እንኳ ሳላይ አልገዛም፣ አቶ ሰይፉ።»

ሳቁ። በምላስ የተሠራችው ብዙነሽ የምትባል ፈትል ሻጭ ሽሮ ሜዳ አለች አሉኝ፤ በፍሬ የተሠራው ከድር የሚባል ባለሱቅ ደግሞ አዲሱ ገበያ። የእሱ አላማረም፤ ለምን እንዳላማረ እሱ ራሱ ይንገርህ አሉኝ። ወረቀቱን ነገ ሦስት ሰዓት እንድመልስ አምነው ሰጡኝ። ጸሐፊው ተከትሎኝ ወጥቶ የመንግሥት ወረቀት እንዳላቆሽሽ አስጠነቀቀኝ።

ሰባት ሰዓት። እንደገና ሽሮ ሜዳ።

እትዬ ብዙነሽ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ድርና ማግ ዘርግታ ተቀምጣለች። ራሷ ተገልጧል፣ ሹሩባ ተሠርታለች። እንግዳ ወንድ መጥቼ ፀጉርሽን ልይ ማለት እንዴት ይባላል? መንገዱን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ነው የመጣሁት። የልጄን ነገር ስነግራት ግን አላስጨረሰችኝም። ራሷን ዝቅ አድርጋ «ና እየው፣ ዳስሰው» አለችኝ።

ዳሰስኩት። የፈላ ውኃ ነበር ያቃጠላት። ስፌቱ ከጆሮዋ ተነሥቶ እስከ ግንባሯ እንደ ቦይ ይሄዳል። ፀጉሩ ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው። አንድ ጉድ አለው፤ ከጎን የመጣ ስለሆነ አበቃቀሉ ተጣሟል። ሌላው ወደ ኋላ ሲተኛ እሱ ወደ ግንባሯ ይጋልባል። ሹሩባ ሠሪዋ ይህን ግትር በሬ እያለች በግድ ትመልሰዋለች አለችኝ።

አላሳመረችልኝም፤ መከራውንም ነገረችኝ። ሁለት ሳምንት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነው ያንቀላፋችው። የቆዳው ስሜት ለአንድ ዓመት ጠፍቶ ነበር፤ ልጆቿ በጣታቸው ሲነኳት ግንብ የነኩ ይመስላት ነበር። ከዓመት በኋላ ወንድሟ ሞተ። እሷም በአገሯ ወግ ተላጨች። ጎረቤት ሁሉ አበደች አላት፤ ስንት መከራ አይታ ያገኘችውን ፀጉር በምላጭ አወረደችው ተባለ።

«በቀለ?» አልኳት።

«ምን ሆኖ አይበቅል? የራሴ ፀጉር አይደለም እንዴ? ወንድሜን ሸሽጌ ላልቅሰው?»

ጾም ነው፤ ፍልሰታ ነው። ሽንብራ ቆሎ በእፍኟ ሰጠችኝና ኪሴ ከትቼ ተነሣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። አዲሱ ገበያ።

ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘኝ። በታክሲ ሌላ ስሙኒ ከፍዬ ስደርስ ገበያው ጭቃና ገለባ ሆኗል። የከድር ሱቅ ጨው፣ ስኳር፣ ሻማና ላምባ ይሸጣል። ከድር የእኔ እኩያ ነው፣ ከወሎ የመጣ፣ ነጭ ቆብ ያደረገ ሰው። የመጣሁበትን ስነግረው የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ቆቡን አወለቀ።

ድሃ መሬት ላይ የበቀለ ስንዴ አይታችኋል? እዚህ ጭብጥ፣ እዚያ ጭብጥ፣ መሐሉ ባዶ። እንደዚያ ነው። እሱም እንደ የሺ ቆረቆር የበላው ነው። ስልሳ ፍሬ ተተክሎለት አሥራ ሰባት ቀርተውታል፤ ጣቱን እያሳረፈ ቆጠረልኝ። ጠባሳ ስለሆነ ነው አይደል ብለው፣ እሱም አለ፣ ዋናው ግን ሌላ ነው አለኝ።

«ጾም ላይ ነህ፤ ስለ ቅቤ ባወራህ አትቀየመኝ።»

ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገባ። ወረቀት ሰጥተውታል። አማርኛ ይናገራል እንጂ አያነብም። ስለዚህ ወረቀቱን አስነበበ፤ ቁስሉ ጠዋትና ማታ ቅባት ይቀባ ይላል ተባለ። ሚስቱን የሸኖ ቅቤ አስገዛ፣ ሁለት ኪሎ። ጠዋት ማታ ራሱን በቅቤ ነከሩት። በሰባተኛው ቀን ጨርቁን ሲያነሣው ፍሬዎቹ ከቅቤው ጋር ተንሸራተው ወጡ። ጨርቁ ላይ ከነፀጉራቸው ቆመው አያቸው። የቀረው ቁስል መግል ያዘ። ሆስፒታል ሲመለስ ድሬሰሩ፣ ከወረቀቱ ጋር በቱቦ የሰጠንህ መድኃኒትስ ብለው ጠየቁት። መድኃኒቱ መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ ክዳኑም አልተከፈተ።

«ማን ነው ያነበበልህ?» አልኩት።

ገርበብ ባለው በር በኩል በአገጩ ወደ ውጭ አመለከተኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ድንጋይ ላይ የሚቀመጥ አንባቢ ነበር። ጣቱን እየጎተተ የሚያነብ። የምን ቅባት ነው ብዬ ጠይቄዋለሁ እኮ። ቅቤ ነዋ፣ ሌላ ምን ቅባት አለ አለኝ።»

ድንጋዩን አየሁት። ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ያን ጊዜ ፊደል ከቆጠርኩ ስድስት ወሬ ነበር። ቆዳ ለመግዛት ስመጣ እዚያ እቀመጥና የሰው ደብዳቤ፣ የሰው ማመልከቻ፣ የሰው የፍርድ ቤት መጥሪያ አነብ ነበር። ሳንቲም አልተቀበልኩም። ቅዳሜ አንድ ቀን «ፋቂው» መባሉ ቀርቶልኝ «አንባቢው» እንድባል ነበር። ራሱን በነጭ ጨርቅ ያሰረ ሰው ወረቀት እንደሰጠኝም ትዝ አለኝ።

ዝም ብዬ መውጣት እችል ነበር። ሰውየው አላወቀኝም።

«ከድር፣ ያነበብኩልህ እኔ ነኝ» አልኩት።

ከዚያ ቆቡን አደረገ።

«እኔም ፊደል ባውቅ ቅቤ ነበር የምለው» አለ። «ቅቤ በማለትህ አይደለም የማዝንብህ። ስጠይቅህ አላውቅም ብትለኝ ሌላ ሰው እጠይቅ ነበር። አላውቅም ማለት ምን ይከብድ ነበር?»

ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ መሐሉ ላይ፣ ያው ቃል አለ። «ቁስሉ ጠዋትና ማታ ቅባት ይቀባ።» አንድ ፊደል አልቀየሩትም። ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁለት ጊዜም በልቤ ቅቤ ብዬ ነው ያለፍኩት። ቃሉ አላስቸገረኝማ! ቆዳ በቅቤ ያሸ ሰው ነኝ፤ ቅቤ ቆዳን ምን እንደሚያደርገው ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል? ወረቀት ላይ ሲጻፍ ግን የማውቀውን ረሳሁት።

ይህን ወረቀት የጻፈውን ሰው ባገኘው እጠይቀው ነበር። «በቱቦ የተሰጣችሁ መድኃኒት» ብሎ መጻፍ ቀለም ይጨርስ ነበር? ሰው ራሱን ቅቤ በሚቀባ አገር «ቅባት» ብሎ ጽፎ የሚተኛ እንዴት ያለ የተማረ ነው? አንዱን ሰው ቅቤ ሲበላው አይተዋል። ወረቀቱ ግን ዛሬም ይታደላል። ተቆጣሁ፣ ደግሞም ቁጣዬ ዞሮ እዚያው ድንጋይ ላይ አገኘኝ።

ከድር ሻይ አስመጣ። ጠጣሁ። ስወጣ እጄን ይዞ ልጅህን በምላስ አሠራት አለኝ፤ ፍሬ ጠባሳ ላይ ደም አይጠግብም።

አሥራ ሁለት ሰዓት። ቁስቋም።

ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። ዝናቡ አባርቷል፤ ቆዳዎቹ ግቢ ውስጥ ይንጠባጠባሉ። የሺ እግሬን ልታጥብ ውኃ አቀረበች። እኔ ራሴ ታጠብኩና ተቀመጭ አልኳት።

ቀኑን ሙሉ ሳስበው የዋልኩት እኔ የምመርጠው አድርጌ ነበር። የሚሠራው ራስ ግን የእሷ ነው። ሁለቱንም ነገርኳት። ፍሬው ቀላል ነው፣ በዕለቱ ቤት ያስገባል፣ ይረግፋል፣ ጠባሳ ላይ ላይዝ ይችላል። ምላሱ ሁለት ጊዜ ቢላ አለው፣ መተኛት አለው፣ ዓመት ሙሉ ያደነዝዛል፣ አበቃቀሉም ይጣመማል። ስለ ከድር ነገርኳት። ስለ ድንጋዩም ነገርኳት፤ እሱን ስነግራት መሬት መሬት እያየሁ ነበር።

እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሴትዮዋ ለማታውቀው ሰው ራሷን ገልጣ አሳየች?»

«ገና ሳልደርስ ተገልጣ ነበር።»

«እንግዲያው እሱን፣ ምላሱን።»

ብዕሬን አወጣሁ። ስሜን በሙሉ ፊደል ጻፍኩ፤ አሻራ የለም። ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። ቅባት ይቀባ የሚለው ጋ ስደርስ እጇን አነሣች። የከድርን የቅቤ ነገር ገና አሁን ሰምታለች፤ የእሷ ወረቀት ግን ሌላ መስሏታል።

«የእኔስ የምን ቅቤ ነው? ለጋ ነው የበሰለ?»

አልሳቅኩም። ብዕሬን መልሼ አነሣሁና ከዚያ መሥመር ሥር፣ የመንግሥት ወረቀት ላይ፣ ጠማማ በሆነው ጽሕፈቴ «ቅቤ አይደለም። በቱቦ የሚሰጥ መድኃኒት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ጸሐፊው ወረቀቱን አቆሸሽከው ይለኛል። ይበለኝ። በተቀሩት ወረቀቶች ሁሉ ላይ እስኪጽፈው ድረስ ከፊቱ አልነሣም።

የሺ ሻማውን አቅርባ ጎንበስ አለች። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ አልመለሰችውም። ጣቷን እኔ በጻፍኩት ላይ አሳረፈችና የቱ ነው ቅቤ የሚለው አለችኝ። አሳየኋት። የቱ ነው ቅባት አለችኝ። ከላዩ ያለውን አሳየኋት። ጣቷ ከአንዱ ወደ ሌላው ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሰ።

«መጀመሪያቸው አንድ ነው» አለች።

«አዎ» አልኳት፤ «ቅ ነው። በይ፣ አንቺም በይው።»